አንገቱ ላይ ቱቦ ከገባለት በኋላ ድምፁም የለም፣ አክታውም አስቸገረን

የአባቷ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አባባ ከጉሮሮ ቀዶ ጥገና በኋላ አንገቱ ላይ ቱቦ እንዳለ ቤት ገባ። አክታው ሙጫ ሆኗል፣ ሌሊት ቱቦው ያፏጫል፣ በተራ ስንጠብቀው እናድራለን። መናገርም አይችልም። አፉን ሲያንቀሳቅስ እንገምታለን፣ ስንስት ተናዶ ፊቱን ያዞራል። ድምፁ ይመለሳል ወይስ በቃ ቀረ?

ነርሷ፦ እግዜር ይማርልሽ። መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቂ፦ ማንቁርታቸው (የድምፅ አውታሮቹ ያሉበት የጉሮሮ ክፍል) ወጥቷል ወይስ አለ? ካለ፣ ድምፁ የጠፋው ትንፋሹ የድምፅ አውታሮቹ ጋ ሳይደርስ ከታች በቱቦው ስለሚወጣ ነው፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ቱቦው እያለም ስፒኪንግ ቫልቭ በሚባል ክዳን የሚያወሩ አሉ። ክዳኑ አየር ያስገባል እንጂ አያስወጣም፣ ትንፋሹ በአፍ ይወጣል። ግን አደራ! ካፍ፣ ማለትም ጉሮሮ ውስጥ በቱቦው ዙሪያ የሚነፋ ፊኛ፣ ያለው ቱቦ ከሆነና ካፉ እንደተነፋ ክዳኑ ከተደረገ፣ የገባው አየር መውጫ ያጣና ይታፈናሉ።

አክታው የሚወፍረው አየሩን የሚያሞቀውና የሚያረጥበው አፍንጫ ስለታለፈ ነው። ቱቦው ላይ የሚገጠም የእርጥበት ማጣሪያ አለ፣ ጠይቁ። ውስጠኛ ቱቦ ካለው እያወጣችሁ እጠቡት። ሳክሽን ስታደርጉ፣ ማለትም አክታውን በመሣሪያ ስትመጡ፣ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ እንዳያልፍ፣ መምጠጥም ስታወጡ እንጂ ስታስገቡ አይደለም። ከጸዳ በኋላም ትንፋሽ ካጠራቸው ወደ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

ባለ ቀዳዳው፦ እኔ ማንቁርቴ ሙሉ በሙሉ ወጥቷል። የምተነፍሰው በአንገቴ ብቻ ነው። አንዴ ድንገተኛ ክፍል ኦክስጅኑን አፌ ላይ ደፉልኝ፣ እኔ ወደ አንገቴ እጠቁማለሁ፣ እነሱ ተረጋጋ ይሉኛል! ከዚያ ወዲህ «የምተነፍሰው በአንገቴ ነው» የሚል ካርድ ከኪሴ አይጠፋም። አሁን በአየርና በምግብ ቧንቧዬ መካከል ትንሽ ቫልቭ ገብቶልኝ የአንገቴን ቀዳዳ በአውራ ጣቴ ደፍኜ አወራለሁ። አንገት ላይ የሚደገፍ የሚንዘር መሣሪያም አለ፣ ድምፁ የሮቦት ነው ግን ያግባባል።

ስለ ንዴቱ ልንገርሽ። አትጩሁበት፣ ጆሮው ደህና ነው። «ውሃ ነው፣ ትራስ ነው፣ ወይስ ሞቆህ ነው?» ብለሽ ካዥጎደጎድሽው ለየትኛው ይነቅንቅ? አንድ በአንድ ጠይቂው። ሲጽፍም አረፍተ ነገሩን አትጨርሱለት፣ እኔን እንደዚያ የሚያበግነኝ የለም። ሌሊት ደግሞ እጁ ሥር ደወል አድርጉለት።

የአባቷ ልጅ፦ ተባረኩ! ውስጠኛውን ቱቦ አውጥተን አየነው፣ ጉድ ነው፣ ሙጫው ግማሹን ደፍኖታል። ታጥቦ ሲገባ ፉጨቱ ቆመ። ከውጭ በቀጭን ገመድ የተንጠለጠለች ትንሽ ፊኛ ነገር አለች፣ ካፍ ያላችሁት እሷ ናት?

ነርሷ፦ ካፉ ራሱ ያለው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው፣ እሷ ምልክቱ ናት። ስትነኪያት ጠጠር ካለች ካፉ ተነፍቷል ማለት ነው። እናንተ የካፉን አየር አትነካኩ፣ የክዳኑንም ነገር ሐኪሙ እስኪያያቸው ተዉት።