የጎብኚ ቪዛ ቆይታዬ አልፎብኛል፤ ወደ ተማሪ ቪዛ መቀየር ይቻላል?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ወደ አሜሪካ የገባሁት በ17 ዓመቴ፣ ከእናቴ ጋር በጎብኚ ቪዛ ነው። እናቴ በጊዜዋ ተመለሰች፤ እኔ ግን አክስቴ ዘንድ ቀረሁ። የተፈቀደልኝ የስድስት ወር ቆይታ ካበቃ አራት ወር ሆኖታል፤ 18 ዓመት ከሞላኝ ደግሞ ሁለት ወር። አንድ ኮሌጅ ተቀብሎኛል፤ ትምህርት ግን አልጀመርኩም። አንዳንዶች «ኮሌጁ አይ-20 ከሰጠሽ ሁሉም ይስተካከላል» ሲሉኝ፣ ሌሎች ከወጣሁ ለ10 ዓመት እንደማልመለስ ይነግሩኛል። ፓስፖርቴ ላይ ያለው ቪዛ ቀኑ ገና አላለፈም፤ ይህስ ይጠቅመኛል?

የመጀመሪያ መልስ፦
እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ቪዛው ላይ ያለው ቀን እስከ መቼ ወደ መግቢያ በር መጥቶ መጠየቅ እንደሚቻል ብቻ ያሳያል፤ የቆይታውን ገደብ የሚወስነው ስትገቢ የተመዘገበልሽ አይ-94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። አይ-94 ላይ ያለው ቀን በማለፉ፣ ቪዛሽ ቀኑ ገና ቢሆንም በሕግ ዋጋ አጥቷል።

አይ-20 ደግሞ የኮሌጁ የቅበላ ሰነድ እንጂ የመኖሪያ ፈቃድ አይደለም። አገር ውስጥ ሆኖ ወደ ተማሪነት ለመቀየር አይ-539 የተባለው ማመልከቻ አይ-94 ከማብቃቱ በፊት መግባት ነበረበት። የዘገየ ማመልከቻ የሚታየው መዘግየቱ ከአመልካቹ አቅም በላይ በሆነ ልዩ ምክንያት የመጣ ከሆነ ነው፤ «አላወቅሁም» ማለት አይበቃም። በጎብኚነት ላይ ሳሉ ትምህርት መጀመርም ራሱን የቻለ ጥሰት ስለሆነ፣ አለመጀመርሽ መልካም ነው።

ስለ እገዳው የነገሩሽ ሰዎች ሁለቱን ደረጃዎች ደባልቀዋል። ያለ ፈቃድ ከ180 ቀን በላይ፣ ግን ከአንድ ዓመት በታች ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት ይታገዳል፤ 10 ዓመቱ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ለቆየ ነው። ለአንቺ የሚበጀው ከ18 ዓመት በታች ሆነሽ ያሳለፍሽው ጊዜ በዚህ ቆጠራ የማይገባ መሆኑ ነው። ስለዚህ ቆጠራው የጀመረው 18 ከሞላሽ ቀን ነው፤ 180ው ቀን ሳይሞላ ከወጣሽ እገዳው አይነካሽም፣ በዜግነት አገርሽ በሚገኘው ቆንስላም የተማሪ ቪዛ መጠየቅ ትችያለሽ። ቆንስሉ ግን ያለፈውን ቆይታሽን ማየቱ አይቀርም፤ ቪዛው እንደሚሰጥሽ ዋስ የሚሆንሽ የለም።

ሁለተኛ መልስ፦
በቆጠራው እስማማለሁ፤ ሆኖም ከመውጣትሽ በፊት ሌሎች በሮች መኖራቸው ሳይጣራ እንዳትቸኩዪ። ከ21 ዓመት በታች ሆኖ ያላገባ፣ እናቱ ወይም አባቱ የአሜሪካ ዜጋ የሆነ ልጅ በሕጋዊ መንገድ ከገባ፣ ቀኑ ቢያልፍበትም አገር ውስጥ ሆኖ ግሪን ካርድ መጠየቅ ይችላል። ወላጁ ግሪን ካርድ ብቻ ካለው ግን ይህ ምሕረት አይሠራም።

ወደ አገርሽ መመለስ በእውነት የሚያስፈራሽ ነገር ካለ ደግሞ የጥገኝነት ማመልከቻ ከገባሽበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ከነገርሽን ስነሣ የቀረሽ ሁለት ወር ገደማ ነው። የፈጠራ ታሪክ ይዞ መቅረብ ግን ወደፊት ሌላውንም መንገድ ሁሉ ሊዘጋ ይችላል። ሥራ ለመቀጠር በሚሞላ ቅጽ ላይ «ዜጋ ነኝ» የሚለውን ምልክት ማድረግም እንዲሁ ነው፤ ቀን ከማሳለፍ እጅግ የከፋ፣ በቀላሉ የማይፋቅ ጥፋት ነው።

ጠያቂዋ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ወላጆቼ እዚህ ምንም ወረቀት የላቸውም፤ አክስቴ ግን ዜጋ ናት። እሷ ልታመለክትልኝ አትችልም?

የመጀመሪያ መልስ፦
አትችልም። ዜጋ ለእህቱ ወይም ለወንድሙ እንጂ ለእህቱ ልጅ ማመልከት አይችልም። ለእናትሽ ብታመለክት እንኳ ተራው ብዙ ዓመት ስለሚወስድ አንቺ 21 ዓመት አልፎሽ ከእሷ ጋር ሳትካተቺ ልትቀሪ ትችያለሽ። አክስትሽ በጉዲፈቻ ልጇ አድርጋ እንድታመለክትልሽም ጉዲፈቻው በመሠረቱ 16 ዓመት ሳይሞላሽ መጠናቀቅ ነበረበት። አይ-94፣ ፓስፖርትና የልደት ማስረጃሽን ይዘሽ በዚህ ሳምንት ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሪ፤ ቅጽ የሚሞሉ ኖታሪዎች ጠበቃ አይደሉም። 180ኛው ቀን የትኛው እንደሆነም በጽሑፍ አስረጂው።