ቤቴ 5 ወር ሙሉ ገዢ አጣ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦
ሰላም ወገኖች። ቤቴን ለሽያጭ ካቀረብኩት 5 ወር ሆነው። መጀመሪያ ሰው ይመላለስ ነበር፣ አሁን ስልኩ ራሱ ጭር ብሏል። ገበያው ቀዝቅዟል ይሉኛል። ልቀንስ ወይስ ልጠብቅ? ልጆቼን ያሳደግኩበት ቤት ነው፣ በርካሽ መልቀቁ ያንገበግበኛል።

መልስ 1፦
አይዞህ ወንድሜ። ዋጋውን ከምን ተነስተህ አወጣኸው? ጎረቤትህ የሚጠራውን ዋጋ ተወው፣ በቅርብ የተሸጡት በስንት እንደሄዱ አጣራ። ገዢ የሚበዛው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ቤቱ ሲቆይ ሰው «ምን ችግር ቢኖርበት ነው?» ማለት ይጀምራል። ከቀነስክ አንዴ በደንብ ቀንስ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ከሸራረፍክ ገዢው ገና ይወርዳል ብሎ ይጠብቅሃል።

መልስ 2፦
እኔ 8 ወር ጠብቄያለሁ። አንዷ ገዢ ገና ሳሎን ስትገባ ኮርኒሱ ጥግ ላይ ያለውን የውሃ እድፍ አይታ ዝም አለች፣ በዚያው ቀረች። ጣሪያውን አስጠግኜ ቀለም ካስቀባሁ በኋላ በ3 ሳምንት ተሸጠ። ፍሳሹን ሳታስጠግን ግን ቀለም ብቻ እንዳትቀባበት፣ እሱ ማታለል ነው።

መልስ 3፦
ካልቸኮልክ አከራየው። ተከራይ ያለበትን ቤት ማሳየት ግን ያስቸግራል፣ ገዢ ሲመጣ እንዲያስገባ ውሉ ላይ አስቀድመህ ጻፈው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የእኔም መኝታ ቤት እንዲህ ያለ እድፍ አለበት፣ ነገ ባለሙያ እጠራለሁ።