የአባቴ ብስክሌት ማን ናት? የምታውቁ እርዱኝ

የማርቆስ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ ነኝ። አባቴ ካረፈ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ዕቃ ቤቱን ስናጸዳ ብስክሌቱን ከጆንያ ስር አገኘናት። በልጅነቴ ከፊት ብረቷ ላይ አፈናጦኝ አማኑኤል ገበያ ወርደናል። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ የተጠመዘዘ ነው። የግንባሯ ምልክት ወድቆ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። አባቴ በብሩሽ ጥቁር ቀብቷታል፤ በተላጠበት ግን ቢጫማ አረንጓዴ ይታያል። አንድ ጠጋኝ የፔዳሉን ማዞሪያ ሊፈታ ግማሽ ቀን ታገለ። መዶሻ ሲያነሳ አስቆምኩት። "ፍቀን አዲስ ቀለም እንቀባት" ይላል። ልቤ እምቢ አለኝ። ምን ትላላችሁ?

ጣና ዳር፦
እንኳን አስቆምከው ወንድሜ! የመቀመጫውን ዘንግ የሚያጠብቀውን ብሎን እየው። ከፊት በኩል ከሆነ የጣሊያኗ ሌኛኖ ሳትሆን አትቀርም። ያ አረንጓዴ የፋብሪካዋ ቀለም ነው። የወደቀው ምልክትም ሰይፍ ያነሳ ተዋጊ ይሆናል። ዝነኛው ብስክሌተኛ ፋውስቶ ኮፒ በ1940 እ.ኤ.አ. የጣሊያንን ዙር ውድድር ያሸነፈው በሌኛኖ ነው። ጥቁሩን ቀስ ብለህ ገፈህ አረንጓዴውን አውጣው።

የድሮ መካኒክ፣ ፍኖተ ሰላም፦
ልጄ፣ ጠጋኙ የለመደው የእንግሊዝ ብስክሌቶችን ልክ ነው። በዚያ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የማዞሪያው ክዳን ጥርሱ ግልብጥ ስለሆነ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈታል። የጣሊያኑ ግን በሁለቱም በኩል የሚፈታው ወደ ግራ ነው። ስለዚህ ሲታገል የዋለው እያጠበቀው ነበር። መጀመሪያ ማዞሪያው የሚያልፍበትን ቱቦ ከጎን እስከ ጎን በካሊብሮ፣ በብረት መለኪያው ማለቴ ነው፣ ለካ። የጣሊያኑ 70 ሚሊሜትር፣ የእንግሊዙ 68 ነው። ናፍጣ አፍስበትና ይደር። የፔዳሉን ክንድ የያዘውን ሽብልቅም ዳዶው ሳይኖር እንዳትመታው፤ ጫፉ ይጠፈጠፍና አይወጣልህም። የኒኬሉን ዝገት በብርጭቆ ወረቀት አትንካ። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ውኃ ነክረህ እሸው።

የማርቆስ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ 70 ነው! ብሎኑም ከፊት ነው። ናፍጣው ሁለት ሌሊት አደረ፤ ወደ ግራ ሳዞረው ጢጥ ብሎ ተነሳ። ግራሶው እንደ ሰም ደርቋል፣ የብረት ኳሶቹ ግን አንድም አልተበሉም። ጣና ዳር፣ ጥቁሩን መግፈፍ ጀምሬ ነበር። ከመቀመጫው ስር የአባቴ ብሩሽ ጸጉር ከቀለሙ ጋር ደርቆ አገኘሁ። ተውኩት፤ ጥቁሩ ይቆያል። አሁን የቀረኝ ጎማ ነው። ቸርኬዋ ቀጭን ነው። ባሕር ዳር ልኳን የሚሸጥ ታውቃላችሁ?