በተራ ማይክሮስኮፕ ዩቪ ሞከርኩ፤ የማየው ሰማያዊ ጭጋግ ብቻ ነው

የደሴዋ ላብ
ሰላም ናችሁ? የምሠራው አንዲት ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የጭርት ታማሚ ሲመጣ ቆዳውን ፍቄ፣ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ አድርጌ የፈንገስ ክር እፈልጋለሁ። በተራው ብርሃን ይሄ ሥራ ዓይን ያደክማል። በቀደም የድሮ የክፍል ጓደኛዬ ትንሽ ካልኮፍሎር ዋይት ሰጠችኝ፤ ፈንገስ ላይ ተጣብቆ በዩቪ (አልትራቫዮሌት ብርሃን) ሲመታ ሰማያዊ የሚያበራ ቀለም ነው። ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ግን የለንም። ያለን ከሥሩ አምፖል ያለው፣ ተማሪ ሆነን የምናውቀው ዓይነት ነው።

የሐሰት ብር የሚለዩበትን የዩቪ ባትሪ ገዛሁና አምፖሉን አጥፍቼ ከኮንደንሰሩ (ከስላይዱ ሥር ብርሃን ከሚሰበስበው ሌንስ) ሥር አስቀመጥኩት። ያየሁት ሰማያዊ ጭጋግ ነው። በስልክ ሳነሳው ጭራሽ ሁሉም ነጭ ሆነ። አንዴ ደማቅ ክሮች አየሁና በደስታ ዘለልኩ። በኋላ ቀለም ብቻ ጠብ ባደረግኩበት፣ ናሙና በሌለው ስላይድ ላይም አገኘኋቸው! ባትሪው አቅም አንሶት ይሆን? ጠንከር ያለ ልግዛ?

ሌንስ ጠጋኝ
ኧረ እንዳትገዢ! መጀመሪያ ዓይንሽን። ፊልተር ሳይኖር በማይክሮስኮፑ የዓይን ሌንስ አትመልከቺ።

ባትሪሽ ላይ 395 ናኖሜትር (የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት) የሚል ካለ፣ ግማሹ በዓይን የሚታይ ሐምራዊ ብርሃን ነው። ጭጋጉ እሱ ነው። በእውነተኛው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ብርሃኑ ከላይ በኦብጀክቲቩ (ናሙናውን በሚያጎላው ሌንስ) በኩል ይወርዳል። ናሙናው ያልዋጠው አብዛኛው ወደ ታች አልፎ ይሄዳል። አንቺ ጋ ግን ባትሪው ከሥር ፊት ለፊት ወደ ዓይንሽ ያበራል። ናሙናው የሚመልሰው ብርሃን ከዚያ አጠገብ ኢምንት ነው። ጠንካራ ባትሪ ጭጋጉን ያወፍረዋል እንጂ አይገፈውም።

የሚያስፈልግሽ የ365 ባትሪ ነው። የኮንደንሰሩ ወፍራም መስታወት አጫጭሩን ዩቪ ይውጠዋል፤ 365 ግን የሚበቃውን ያህል ያልፋል። ባትሪው አፍ ላይ የሚታየውን ብርሃን የሚያስቀር ጥቁር የዩቪ መስታወት አድርጊ። ከናሙናው በላይ ደግሞ ከ420 በታች ያለውን የሚከለክል ፊልተር ይግባ። ቢጫ የከረሜላ ወረቀት እንዳትሞክሪ፤ የካልኮፍሎር ብርሃን በ435 አካባቢ ስለሆነ እሱንም አብሮ ይበላዋል።

ጨለማ ክፍል
በዚህ ላይ በነጻ የሚሠራ ዘዴ ልጨምርልሽ። ጥቁር ካርቶን ክብ አድርገሽ ቁረጪና ከኮንደንሰሩ ሥር ፊልተር ማስቀመጫው መሃል ላይ አድርጊው። ብርሃኑ በጎን ብቻ ይመጣል፤ በቀጥታ ኦብጀክቲቩ ውስጥ አይገባም። በ10 ኦብጀክቲቭ ግሩም ነው። በ40 ሰፋ ያለ ክብ ይፈልጋል፣ ብርሃኑም ያንሳል። 100ውን እርሺው፤ ዘይቱ ራሱ ያበራል።

ስልኩን በተመለከተ፣ አውቶማቲኩ ጨለማ ሲያይ ያለ ልክ ያደምቃል። በእጅ ቀንሺውና ቆልፊው።

የደሴዋ ላብ
ልክ ናችሁ፣ 395 ይላል 😅 ባዶው ስላይድ ላይ ያሉት ክሮችስ?

ጋሽ ሪኤጀንት
ልጄ፣ ስላይዱን በምንድነው የምትጠርጊው? በጎዝ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ካልኮፍሎር የፈንገስ ግድግዳ ላይ ያለውን ካይቲን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ሴሉሎስንም ይይዛል። ጥጥ ደግሞ ሴሉሎስ ነው። ሶፍትም ያው ነው። እኛም ድሮ ተሸውደንበታል። የጥጥ ክር እንደ ሪባን ጠፍጣፋና የተጠማዘዘ ነው። የፈንገሱ ክር ቅርንጫፍ ያወጣል፣ በመሃሉም አጥሮች አሉት። ስላይድሽን በአልኮል አጥበሽ በአየር ይድረቅ። ባዶ ስላይድ ማየትሽን ግን እንዳትተዪ፤ ያዳነሽ እሱ ነው።

የደሴዋ ላብ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ! አሁን አንዱን ስላይድ በአልኮል አጥቤ አደረቅኩና ቀለሙን ጠብ አደረግኩበት፤ ጭጋጉ እንዳለ ነው፣ ክሮቹ ግን የሉም። ትናንት «ፖዘቲቭ» ብዬ ልጽፍ እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። ለካ ሰውየው ላይ ያገኘሁት ስላይድ የምጠርግበት የጎዝ ክር ነው። ጠዋት ደውዬ ድጋሚ ናሙና ልጠራው ነው። ምን ብዬ እንደማስረዳው እንጃ።