የጭቃ ቤቱን ልግዛው ወይስ ልተወው?

ወገኖቼ፣ ቀብድ ልከፍል ሦስት ቀን ነው የቀረኝና ምከሩኝ። ኮልፌ፣ ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት፣ 105 ካሬ ላይ ያረፈ አሮጌ የጭቃ ቤት አግኝቻለሁ። ካርታ አለው፤ ነባር ይዞታ ነው፣ ማለትም ከመንግሥት በሊዝ (በረጅም ጊዜ የኪራይ ውል) ሳይሆን ከዚያ ሥርዓት በፊት የተያዘ መሬት ነው። ቅዳሜ ሄጄ የጓዳውን ግድግዳ በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ልስኑ ተፈርፍሮ ወረደ፤ ከውስጥ ማገሩን ምስጥ ጨርሶታል። ቆርቆሮው ግን ደህና ነው፤ ጓሮ ያለችው የአቮካዶ ዛፍም ልቤን ወስዳዋለች።

የሚያስጨንቀኝ ቦታው ነው። መኪና እስከ በሩ አይወርድም፤ አሸዋና ሲሚንቶ በሰው ትከሻ ነው የሚገባው። ወንዙ ከአጥሩ 20 ሜትር ቢርቅ ነው። የወንዝ ዳርቻ ልማቱ ቢደርስብንስ? ደላላው «አይነካም» ይላል፤ እኔን ግን አላሳመነኝም። ነባር ይዞታ በሽያጭ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንደሚገባ በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ አንብቤያለሁ፤ ያለፋችሁበት ካላችሁ ስንት ወጣባችሁ? ቋሚውን እየቀየሩ መጠገን ያዋጣል ወይስ አፍርሶ በብሎኬት መሥራት? እዚያ አካባቢ የግንባታ ፈቃድ ያገኘስ አለ?

ባለቤቴ 11 ዓመት በኪራይ ተንከራተናልና ግዛው ትላለች። ያለችን ጥሪት ይህችው ብቻ ስለሆነች እጄ አልታዘዝ አለኝ።