ክርክር፦ የኒውጂንስ «ጌት አፕ» የራሱ ስልት አለው ወይስ በሌሎች ምት ላይ የቆመ ነው?

አወያይ፦
ሰሞኑን የውይይት ቡድናችንን ለሁለት የከፈለው ጥያቄ ይህ ነው። ኒውጂንስ የተባለው የደቡብ ኮሪያ የሴቶች ቡድን እ.ኤ.አ. ጁላይ 21 ቀን 2023 ያወጣው «ጌት አፕ» የተባለው አጭር አልበም ስድስት ዘፈን አለው፤ ሁሉም ተደምሮ 12 ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። በዚህ አጭር ሥራ የአሜሪካው የአልበሞች ደረጃ ሰንጠረዥ ቢልቦርድ 200 ላይ አንደኛ ሆነው ገብተዋል። አንዱ ወገን «አዲስ ስልት ነው» ይላል። ሌላው «ምቱ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጥቁሮች የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ነው፤ ኮሪያዊ የሆነው ቋንቋውና ኩባንያው ብቻ ነው» ይላል። ወደድኩት ወይም አልወደድኩትም ማለት አይበቃም። የትኛው ዘፈን፣ ምኑ ላይ፣ ለምን የሚለውን ጻፉ።

ባለምት፦
ከኪኩ (ከወፍራሙ የከበሮ ምት) እንነሳ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ እዚያ ላይ ነው። አንዱን ባለ አራት ምት ባር (የምት ዙር) 16 እኩል ቦታ ክፈሉት። በተራው የጭፈራ ቤት ሙዚቃ ኪክ የሚመታው 1፣ 5፣ 9 እና 13 ላይ ነው። ጀርዚ ክለብ በሚባለው የጭፈራ ስልት ግን 1፣ 5፣ 9፣ 12 እና 15 ላይ ነው። ሦስቱ ረጋ ብለው ይመጡና ሁለቱ ተሰናክለው ይገባሉ። ያ መሰናከል ነው ትከሻን የሚያንቀሳቅሰው። ይህ አመታት በሴኡል አልተወለደም። በኒው ጀርዚ ግዛት በኒውዋርክ ከተማ በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንደ ዲጄ ታሚል ያሉ ሰዎች የባልቲሞር ከተማ የጭፈራ ቤት ስልት ከሆነው ከባልቲሞር ክለብ ተነስተው የሠሩት ነው፤ ያኔ መጠሪያው «ብሪክ ሲቲ ክለብ» ነበር። የአልበሙን መክፈቻ «ኒው ጂንስ»ን እና «ሱፐር ሻይ»ን ስሙ፤ የኒውዋርክ አሻራ ተደብቆ አይደለም። ከዚያ በፊት በዲሴምበር 2022 የወጣው «ዲቶ» ደግሞ በቀጥታ ባልቲሞርን ያስታውሳል። ስለዚህ «አዲስ ስልት» የሚለውን አልቀበልም።

የቅንብር ሰው፦
ባለምት፣ ታሪኩን በትክክል አስቀምጠኸዋል፤ መደምደሚያህን ግን አልቀበለውም። ጀርዚ ክለብ የሚመታው በደቂቃ ከ130 እስከ 140 ባለው ፍጥነት ነው። ድራም ኤንድ ቤዝ የሚባለው ፈጣኑ የእንግሊዝ ስልት ደግሞ ከ160 እስከ 180። «ሱፐር ሻይ» 150 ነው። ለአንዱ ፈጥኗል፣ ለሌላው ዘግይቷል። ይህ በአጋጣሚ የሚመረጥ ቁጥር አይደለም። በዚያ ፍጥነት የጀርዚ ኪክና የተሰባበረው የብሬክቢት (የተቆራረጠ የከበሮ አመታት) ስኔር (ስል ድምፅ ያለው ከበሮ) አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ፤ በ135 ብሬክቢቱ ይጎተታል፣ በ170 ኪኩ ይጨናነቃል።

ዋናው ነገር ግን ድምፁ ነው። በጀርዚ ክለብ የሰው ድምፅ ተቆርጦ እየተደጋገመ እንደ ከበሮ ያገለግላል፤ ጮክ ያለ ነው፣ ትእዛዝ ይሰጣል። እዚህ ልጆቹ የሚዘፍኑት ከማይክሮፎኑ ጥቂት ጣት ያህል ርቀት ላይ ሆነው በሹክሹክታ ጠርዝ ነው። ትንፋሹ ይሰማል፣ ዜማው ከመካከለኛው የድምፅ ክልል እምብዛም አይወጣም። ሁለተኛውና ሦስተኛው ድምፅ ከዋናው ጋር ተጠግቶ ተደርቧል። ከሥር ያለው ከበሮ እየሮጠ ከላይ ያለው ዜማ ይራመዳል። ሁለቱ እንዳይነካኩ መሃሉ ባዶ ተትቷል፤ ጊታር የለም፣ ወፍራም ሲንተሳይዘር የለም። የዚህ አልበም ስልት እሱ ነው፦ ምን እንደተቀነሰ።

ከኮሪያ ፖፕ ልማድ ጋር አስተያዩት። ላለፉት ብዙ ዓመታት የሴት ቡድን ዘፈን ስንል ሦስት ደቂቃ ተኩል፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ ራፕ፣ ከዚያ የጭፈራ ክፍተት፣ በመጨረሻ ዋናዋ ድምፃዊት ጣራ የምትነካበት ከፍታ ማለት ነበር። «ሱፐር ሻይ» ገና ሲጀምር አዝማቹን ይሰጥሃል፣ በ2 ደቂቃ ከ34 ሰከንድም ያልቃል። ጣራ የሚነካ ድምፅ አትሰማም። «ጌት አፕ» የተባለው ርዕሰ ዘፈንማ 36 ሰከንድ ብቻ ነው።

ጋራዥ ወዳድ፦
አጭርነቱንና ሹክሹክታውን ለኮሪያ አትስጡ እንጂ! የእንግሊዟ ፒንክፓንተረስ በ2021 ያወጣችው ድብልቅ አልበም አሥር ዘፈን ይዞ ወደ 18 ደቂቃ ተኩል ነው የሚፈጀው። የተሰባበረ ፈጣን ከበሮ፣ ከላይ ለስላሳ የመኝታ ክፍል ድምፅ፣ ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ዘፈን። ሁሉም እዚያ አለ፣ ያውም ሁለት ዓመት ቀድሞ።

«ኩል ዊዝ ዩ»ን እንውሰድ። ይህ ቱ ስቴፕ ጋራዥ የሚባለው የለንደን የጭፈራ ስልት ነው። ስኔሩ 5 እና 13 ላይ ይመታል፤ ኪኩ 1 ላይ ከመታ በኋላ 9ን ዘልሎ በተለምዶ 11 አካባቢ ይገባል። እግርህ ሦስተኛውን ምት ይጠብቃል፣ አያገኘውም፤ ያ ጉድለት ነው የሚያወዛውዘው። ይህም ቢሆን ለኮሪያ አዲስ አይደለም። ኤፍኤክስ የተባሉት የኮሪያ ሴቶች ቡድን በኦክቶበር 2015 «ፎር ዎልስ»ን ሲያወጡ ከሠሩት መካከል ኤልዲኤን ኖይዝ የተባሉ ሁለት የለንደን ሰዎች ነበሩ። በዚያው ዓመት የወንዶቹን ቡድን የሻይኒን «ቪው» የሠሩትም እነሱ ናቸው። ወደ ኋላ ከሄድን ኤስ.ኢ.ኤስ. የተባሉት የኮሪያ ሴቶች ቡድን በ1998 ያወጡት «ድሪምስ ካም ትሩ» ቀድሞ የፊንላንድ ዘፈን ነበር። የኮሪያ ፖፕ ከመነሻው የውጭ ደራሲ እየቀጠረ ነው የኖረው። «ጌት አፕ» ላይም ሱፐር ሻይን ጨምሮ ዘፈኖችን የጻፈችው ኤሪካ ደ ካሲየር ዴንማርካዊት ናት፤ ገና ከ2019 የመጀመሪያ አልበሟ ጀምሮ ለስላሳ ድምፅ በጋራዥና በአር ኤንድ ቢ ላይ ስታስቀምጥ ነው የቆየችው።

የቅንብር ሰው፦
ታዲያ ይህ የእኔን ነገር ያጠነክረዋል። ኤሪካን የጠሩት ሌላ ሰው ሆና እንድትጽፍላቸው ሳይሆን የራሷን እንድትጽፍ ነው። የተለመደው የኮሪያ አሠራር የውጭ ደራሲ የላከውን ማሳያ (የሙከራ ቅጂ) ወስዶ፣ አራት ዓይነት ዘፈን አንድ ላይ ሰፍቶ፣ በየሠላሳ ሰከንዱ ምቱን መቀየር ነበር። እዚህ አንድ ዘፈን አንድ ሐሳብ ይዞ ይጨርሳል። ምርጫም የሙዚቃ ሥራ ነው።

የቅኝት ልጅ፦
ሁላችሁም ከበሮውን ይዛችሁ ቅኝቱን ረሳችሁት። ከቡድኑ ዋና አቀናባሪዎች አንዱ 250 በሚል ስም የሚታወቀው ሰው ነው። የራሱ አልበም «ፖንግ» በ2023ቱ የኮሪያ የሙዚቃ ሽልማት የዓመቱ አልበም ተብሏል፤ አልበሙ ትሮት የሚባለውን የድሮ የኮሪያ ሕዝባዊ ዘፈን የሚመረምር ነው። የትሮት የሐዘን ቅኝት አምስት ድምፅ አለው፦ ዶ፣ ሬ፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ሚ፣ ሶል፣ በግማሽ ዝቅ ያለ ላ። ይህን የእኛ ሰው በክራር ሞክሮ ያየዋል፤ ትዝታ ማይነር ራሱ ነው! ርቀቶቹ አንድ በአንድ ይገጥማሉ፦ ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሁለት ሙሉ፣ ግማሽ፣ ሁለት ሙሉ። ስለዚህ የኒውጂንስ ዜማ ለምን ሆድ ያባባል ስትሉ ኒውዋርክን ብቻ አትመልከቱ።

ባለምት፦
የቅኝቱን ዝምድና አልክድም፤ አምስቱ ድምፆች አንድ ናቸው። ግን «ፖንግ» ሌላ አልበም ነው። በ«ጌት አፕ» ውስጥ ያ ቅኝት የትኛው ዘፈን ላይ፣ በየትኛው ደቂቃ አለ? እኔ የምሰማው በሰባተኛና በዘጠነኛ ድምፅ የተሞሉ የአር ኤንድ ቢ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች) ላይ የሚንሳፈፍ ዜማ ነው። ደግሞ «ሱፐር ሻይ»ን ያቀናበረው 250 ሳይሆን አሜሪካዊው ፍራንኪ ስኮካ ነው። የአንድን ሰው ሌላ ሥራ አምጥቶ እዚህ መለጠፍ ትንተና አይሆንም።

የቅኝት ልጅ፦
ቅኝቱ ሙሉውን አለ አላልኩም። የምለው ስለ ዜማ አወራረድ ነው፦ ሐረጉ ከላይ ጀምሮ በትናንሽ እርምጃ ወርዶ ማረፊያው ላይ ሳይደርስ ይቆማል። በጀርዚ ክለብ ይህ የለም፤ እዚያ ዜማ ራሱ እምብዛም ነው። አንድ ሰው ለዓመታት በትሮት ተጠምዶ ሲሠራ ጆሮው ምን እንደሚመርጥ ይታወቃል። «ዲቶ» የእሱ ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ በደንብ ይሰማል።

ጀማሪ አቀናባሪ፦
ይቅርታ፣ ተግባራዊ ጥያቄ አለኝ። ባለምት የሰጠኸውን 1፣ 5፣ 9፣ 12፣ 15 በ150 ፍጥነት አስገብቼዋለሁ። ነገር ግን ከሥር ጭቃ ይመስላል፣ ድምፃዊቷም ትሰምጣለች። ለምን ይሆን?

የቅንብር ሰው፦
የኪኩ ጅራት ረዝሞብሃል። በ150 አንድ ምት 400 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከ16ቱ አንዷ ቦታ 100። ከ9 ወደ 12 እና ከ12 ወደ 15 ያለው 300 ሚሊሰከንድ ነው፤ ከ15 ወደ ሚቀጥለው ባር 1 ግን 200 ብቻ። ኪክህ ከዚያ በላይ ከጮኸ አንዱ ሌላውን ይረግጠዋል። ጅራቱን ከ180 በታች ቁረጠው። ከዚያ ኪኩን ከዘፈኑ ቅኝት መነሻ ድምፅ ጋር አስማማው፤ ካልተስማማ ቤዙ ሲገባ ሁለቱ ይጣላሉ። ቤዙ ኪክ በመታ ቁጥር ዝቅ እንዲል በሳይድቼይን እሰረው። 12 እና 15ን ከሌሎቹ ትንሽ አቅልላቸው፤ አምስቱም እኩል ከመቱ ሩጫው ይጠፋና የብረት ማሽን ይሆናል።

ድምፁን በተመለከተ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን አውጣው። በትንፋሽ የተቀዳ ድምፅ ላይ የ«ስ» እና የ«ሽ» ፉጨት ይጎላል፤ ከ5 እስከ 8 ኪሎኸርዝ ባለው አካባቢ በዲኤሰር ግታው። ሃይሃቱም (ትንሹ ጸናጽል) እዚያው ስለሚኖር ድምፁን ከማሳደግህ በፊት ሃይሃቱን ቀንስ። በአንድ ኮምፕሬሰር (የድምፅን ከፍታና ዝቅታ የሚያቀራርብ መሣሪያ) በኃይል ከመጫን ሁለት በቀስታ ደርድር። ዘፋኟ ጮክ ብላ ከዘፈነች ግን ይህ ሁሉ አያድንም፤ ደግመህ ቅዳ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ለሁላችሁም ነው። በስልክ ድምፅ ማውጫ አትፍረዱ። ከ200 ኸርዝ በታች ያለው በአብዛኛው አይወጣም፤ የምትሰሙት የኪኩን ጫፍ ብቻ ነው። «ምቱ ቀጭን ነው» የሚሉ ብዙ አስተያየቶች ከዚያ የመጡ ይመስለኛል።

ጋራዥ ወዳድ፦
ለቱ ስቴፕ ከሆነ ሌላ ስህተት አለ፤ ሁሉንም ነገር በ16ቱ ቦታ ፍርግርግ ላይ ቀጥ አድርጎ ማስቀመጥ። ስዊንጉን (አንዳንድ ምቶችን ትንሽ የሚያዘገየውን ቅንብር) ከ56 እስከ 62 በመቶ ባለው ውስጥ ሞክር። 50 ላይ ከተውከው ጋራዥ አይደለም።

አወያይ፦
ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ምቱ ከኒውዋርክና ከለንደን መምጣቱን ሁለቱም ወገን ተቀብሏል። ታዲያ ዕዳ አለ ወይ?

ባለምት፦
አለ። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የታወቀ የከበሮ አመታት ብቻውን አይጠበቅም፤ የሚጠበቀው የተቀዳው ድምፅ፣ ዜማውና ግጥሙ ነው። ስለዚህ አምስቱን ኪክ የፈለገ ሰው ይወስዳል፣ ለፈጠረው ሠፈር አንድ ሳንቲም አይደርስም። ኒውጂንስን ያወጣው አዶር የሃይብ ቅርንጫፍ ነው፤ ሃይብ ደግሞ ከኦክቶበር 2020 ጀምሮ በኮሪያ የአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ትልቅ ኩባንያ ነው። ሕጉ አያስገድድም ማለት ነውር አይደለም ማለት አይደለም።

ጋራዥ ወዳድ፦
ወንድሜ፣ ኒውዋርክም ከባልቲሞር ወሰደ። ባልቲሞር ደግሞ የዘፋኟን የሊን ኮሊንስን የ1972 «ቲንክ» ከበሮ ቆርጦ ነው የተነሳው፤ ያን የሠራው ጄምስ ብራውን ነው። ዕዳውን የምትቆጥረው ከየት ጀምረህ ነው?

ባለምት፦
ልዩነቱ ግልጽ ነው። ባልቲሞርና ኒውዋርክ በአንዱ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ላይ ያሉ ናቸው፤ ዲጄዎቹ እየተጠራሩ ይጫወቱ ነበር፣ ማን ከማን እንደወሰደ በስም ይታወቃል። የሰጠም የወሰደም በአንድ ዓይነት ጠባብ ጭፈራ ቤት ውስጥ ነበር። አንድ ኩባንያ ያንኑ ምት ለዓለም ገበያ ሲያወጣ ግን ኃይሉ እኩል አይደለም። እኔ የምጠይቀው ክስ አይደለም፤ የጀርዚ ክለብ አቀናባሪዎች ራሳቸው እየተጠሩ እንዲሠሩ ነው። ኤሪካ ደ ካሲየር ተጠርታ ስሟም ገንዘቧም ተከበረ። የኒውዋርክ ሰዎች ለምን አይጠሩም?

የቅንብር ሰው፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ለሥራውም ይጠቅማል። ሆኖም ይህ የፍትሕ ጥያቄ እንጂ የስልት ጥያቄ አይደለም። ምት የወሰደ ሁሉ ስልት የለውም ካልን የእኛ የ1960ዎቹና 70ዎቹ የአዲስ አበባ ባንዶችም ከሶልና ከፈንክ ስለወሰዱ ስልት አልነበራቸውም ልንል ነው። ያን የሚል ሰው እዚህ ያለ አይመስለኝም።

ባለምት፦
እነሱ በራሳቸው ቅኝት ዘፈኑበት! የቅኝት ልጅ ያመጣው ነጥብ በ«ጌት አፕ» ውስጥ ቢረጋገጥ ኖሮ እኔም እቀበል ነበር። እስካሁን የሰማሁት የአዘፋፈን ስልት ነው፣ እሱንም ፒንክፓንተረስ ቀድማዋለች።

የቅኝት ልጅ፦
«ኢ.ቲ.ኤ.»ን ማንም አላነሳም። እሱ የ250 ነው፣ ፍጥነቱም 135። ብዙዎች በጀርዚ ክለብ ይመድቡታል፤ እኔ ባይሌ ፈንክ የሚባለውን የብራዚሏን ሪዮ ዴ ጄኔሮ የጭፈራ ስልት ነው የምሰማው። አንዱ የተለመደ የባይሌ ፈንክ አመታት 1፣ 4፣ 7፣ 11 እና 14 ላይ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በእጃችሁ ጠረጴዛ ላይ እየመታችሁ ከዘፈኑ ጋር አስተያዩ፤ የትኛው እንደሚገጥም ደቂቃውን ጠቅሳችሁ ጻፉ። ዜማው የት ላይ እንደሚያርፍም አብራችሁ አስተውሉ፤ ባለምት ማስረጃ የጠየቀኝ እዚያ ላይ ነው።

ባለምት፦
አዳምጫለሁ። ከአዝማቹ ጀምሬ ባር በባር ጽፌ አመጣለሁ፤ አንተም የዜማውን ድምፆች ጽፈህ ና።