ያልገባ ሲሚንቶ ገባ ብዬ ልፈርም? እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ወንድሞቼ እህቶቼ፣ ግራ ገብቶኝ ነው የምጽፈው። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ ሳይት ላይ ስቶር ኪፐር ነኝ፣ ማክሰኞ ሲሚንቶ የጫነ መኪና መጣ፣ ወረቀቱ 200 ኩንታል ይላል እኔ ግን ሁለቴ ቆጥሬ 180 ብቻ ነው ያገኘሁት፣ አለቃዬ እስክሪብቶውን እጄ ላይ አድርጎ "ፈርም ባክህ ያንተም አለበት" አለኝ። ሆዴን አመመኝ ብዬ ሽንት ቤት ገባሁ (መዋሸቴ ራሱ ይቆጨኛል)። ወረቀቱ እስካሁን ሳይፈረም መሳቢያዬ ውስጥ ነው።

ኪራይ ደርሷል፣ ባለቤቴ ደሞ ወሯ ገብቷል። ጓደኞቼ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይሉኛል፣ ይሄ ተረት ስንቱን አበላሸ! የንስሐ አባቴ ዘጸአት 23፥8ን አንብብ አሉኝ፣ ጉቦ የሚያየውን ዓይን ያሳውራል የሚለውን፣ ዳንኤልም ላይ በሥራው እንከን ፈልገው አጡበት ይላል፣ ግን ዳንኤል የቤት ኪራይ የለበትም እላለሁ መልሼ፣ ይቅር ይበለኝ። እግዚአብሔር እንደማይጥለኝ አምናለሁ፣ እንቅልፍ ግን የለም።

እንዲህ የገጠማችሁ ካላችሁ፣ የቆጠርኩትን 180 ብቻ ጽፌ ልፈርም ወይስ ቀድሜ ለድርጅቱ ባለቤት ልንገረው? አርብ ሌላ መኪና ይመጣል።